ኮሸሽላ ለኦትማር

ኦትማር የአዲሱን አውሮፕላን ክንፍ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን ደገነ።

«ስሙት! ምንም አይልም። እንጨት ቢሆን ይናገር ነበር።»

ዊብከ የክበቡ ዋና አስተማሪ ናት፤ ይህን ንግግር ከልክ በላይ ሰምታዋለች።

በጀርመን ተራሮች ላይ ኦትማር የሌለው የሞተር አልባ አውሮፕላን ክበብ የለም። ስሙ ቢለያይም ሰውየው አንድ ነው። አውሮፕላኑን ከመሬት ስቦ የሚያስነሳው የዊንች ገመድ ሲበጠስ «በኛ ጊዜ አይበጠስም ነበር» ይላል፤ በሱ ጊዜ የተበጠሰውን ራሱ ሲቀጥል የተነሳው ፎቶ ግን የክበቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ኬኩ ቢያርር እንኳ ጥፋቱ የፕላስቲክ አውሮፕላን ነው። ሊቀ ሊቃውንት ዘእንጨት ወሸራ!

ተማሪዎቹ ግን አንድ በአንድ ወደ ታችኛው ሸለቆ ክበብ እየሄዱ ነው። የዚህኛው ክበብ አሮጌ የእንጨት ማሠልጠኛ አውሮፕላን በብርድ ወራት ሸራው ይለጠፋል፣ በጋ ሲመጣ ይቀደዳል። ለሙከራ የመጣው አዲሱ የፕላስቲክ አውሮፕላን ነገ ይመለሳል። ዛሬ አባላቱ እንዲገዛ ካልወሰኑ፣ ዊብከ ለከርሞ የምታስተምረው ሰው አይኖርም።

ረዳቷ ዮሪስ ጠጋ አለ። «ዝም በይው። ብቻውን ባላበረረው አውሮፕላን ላይ ማንም ድምፅ አይሰጥም። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፣ የኛን አፍ ለማስያዝ! ኦትማር ሳይበርበት ከዋለ አሸነፍን።»

ዊብከ ሽማግሌውን አየችው። አሁንም ክንፉን እያንኳኳ ነው። መጀመሪያ ብቻዋን የበረረች ቀን፣ ከአሮጌው ስትወርድ ኮሸሽላ ያስታቀፋት እሱ ነበር። የክበቡ ወግ ነው፤ ብቻውን በርሮ የወረደ ሰው እሾሁን በባዶ እጁ ይቀበላል፣ «ወይ!» አይልም።

«ና ግባ» አለችው በድካም።

«ምን ውስጥ?»

«የምትጠላው ከሆነ አውቀኸው ጥላው።»

«ወገቤን ያመኛል።»

«እንጨቱ ላይ ስትወጣ አያምህም?»

እያጉረመረመ አዲሱ ውስጥ ገባ። አንዴ አብራው በረረች፤ ከመቀመጫው እስከ ቀበቶው ያልነቀፈው ነገር አልነበረም። ከዚያ እሷ ወርዳ ክዳኑን ዘጋችበት፣ ዊንቹም ኦትማርን ብቻውን ወደ ሰማይ ሳበው።

አልወረደም። ለአባላቱ የቀረበው ኬክ አለቀ። ፀሐይዋ ወደ ጫካው አዘነበለች።

«ይሄ ሰውዬ ይዞት ሊጠፋ ነው እንዴ?» አለ ዮሪስ።

ዊብከ ወደ ሜዳው ዳር ሄዳ ያለ ጓንት ኮሸሽላ ቆረጠች።

ኦትማር ሲወርድ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ነፋሱ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ክዳኑ እንደተዘጋ ነበር የዋለው።

እሾሁን ዘረጋችለት።

«ለኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ወግ ነው። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

ታቀፈው። «ወይ!» አላለም። «ዝም ይላል» አለ ወደ አውሮፕላኑ ዞሮ። «በጣም ነው ዝም የሚለው።»

አመሻሹ ላይ ኦትማር የተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። የአዲሱ ግዢ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከበረራ በኋላ ክንፉን የሚያጥበው ኦትማር ነው፤ ሌላ ሰው አያስነካም።