በዘጠና አንድ ዲግሪ የሚፈላ ቅናት

ሰው ሁሉንም ያምናል፤ ቅናቱን ግን አያምንም። ተርቤያለሁ ይላል፣ ተናድጃለሁ ይላል፣ ቢጨንቀው ዋሽቻለሁም ይላል። «ቀንቻለሁ» ሲል የሰማችሁት ሰው አለ? እኔ አልሰማሁም። ቅናት ሁልጊዜ ሌላ ስም ይዞ ነው የሚዞረው። ባለሱቁ የጎረቤቱ ደንበኛ ሲበዛ «የሰውዬው ሚዛን ያሳስበኛል» ይላል። ደብተራው የሌላው ድምፅ ሲወደስ «ዜማው እየተበላሸ ነው» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። መምህር ሲቀና ደግሞ «የትምህርት ጥራት ያሳስበኛል» ይላል። እኔ ያን ሰሞን የትምህርት ጥራት እንዴት እንዳሳሰበኝ ባያችሁ! ምሳ እንኳ አልበላልህ ብሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቹ ጋሼ ሞላ ይሉኛል። የግቢው ጥግ ላይ ያለችው የላብራቶሪ ክፍል ቁልፍ ከወገቤ አይለይም። ላብራቶሪ ስላችሁ ነጭ ጋውንና የሚያብረቀርቅ ብርጭቆ አትጠብቁ። ከጋራዥ ለምኜ ያመጣሁት የመኪና ስፕሪንግ፣ አንገቱ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ፣ ከሰርግ የተረፈ ፊኛ፣ ጡረታ መውጣት የነበረበት ቡታጋዝ፣ እንዲሁም እንደ ዓይኔ ብሌን የምጠብቀው አንድ ቴርሞሜትር ነው ያለው። በዚህ ሁሉ ግሳንግስ ግን ተአምር እሠራ ነበር። ሎሚ ደርድሬ፣ ሚስማርና የመዳብ ሽቦ ሰክቼ ትንሽዬ አምፖል ሳበራ ክፍሉ እልልታ በእልልታ ይሆናል። ኮምጣጤና ሶዳ ቀላቅዬ ፊኛ ስነፋ «ጋሼ ይድገሙት!» ይሉኛል። አልደግምም። ሶዳው በስንት ልመና እንደተገኘ እኔ ነኝ የማውቀው። ከሁሉም ፊት የምትቀመጠው ትርንጎ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ የማትጠይቀው ነገር የለም፣ ካልገባት አታስወጣኝም። መምህር ተማሪ አያበላልጥም ይባላል። ውሸት ነው።

በዚህ መሀል መምህርት ቤዛ መጣች። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ የእኛ ብርድ ገና ከመናኸሪያ ሳትወጣ ነው የተቀበላት፤ ጃኬት ላይ ጋቢ ደርባ ነው የምታስተምረው። ወጣት፣ ሳቂታ፣ ማንንም የማትጠላ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ለመቅናት እንዴት እንደማይመች! ብታኮርፍ፣ ብትኮራ፣ ቢያንስ ሰላምታ ብትነፍገኝ ምን ነበረበት? እሷ ግን ጠዋት ጠዋት «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» እያለች ከወገቧ ጎንበስ ትልልኛለች።

ይዛ የመጣችው ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ነው። ትምህርት ቤቱም በእርዳታ ያገኛቸው፣ በላስቲካቸው እንደተጠቀለሉ የተቀመጡ ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ ሁሉንም ፈትታ አስነሣቻቸው። ሲሙሌሽን ይሉታል። በአማርኛ ስናስረዳው ማስመሰያ ነው፦ ኮምፒውተሩ ውስጥ እሳት አለ፣ ውሃ አለ፣ ሽቦ አለ፣ አምፖል አለ፤ ተማሪው በማውስ እየጎተተ ያገናኛል፣ ያፈላል፣ ያፈነዳል። አምፖሉ ቢቃጠል አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጎ አዲስ ያመጣል። የሚቆጣ የለ፣ የሚያስከፍል የለ። አቶም ተከፍቶ ሆዱ ይታያል። እሳተ ገሞራ በተማሪው ትእዛዝ ይፈነዳል። «ማስመሰል ነው እንጂ ሳይንስ ነው እንዴ?» አልኩ በመምህራን ክበብ። «መድፍ በቀለጠባት በጋፋት አፍንጫ ሥር ቁጭ ብለን የማያቃጥል እሳት እናስተምር?» ንግግሬ ለእኔ አምሮብኝ ነበር። የታሪክ መምህሩ ሽሮውን እያላመጠ «ጋሼ ሞላ፣ ምን ሆነዋል ሰሞኑን?» ብሎ ገደለኝ።

ተማሪዎቼ አንድ በአንድ ወደ እሷ ሄዱ። በእረፍት ሰዓት የእኔ በር ላይ ይሰለፉ የነበሩት የእሷ መስኮት ላይ ተንጠለጠሉ። የቆረጠኝ ግን የትርንጎ መሄድ ነው። አንድ ቀን ፊኛውን ነፍቼ ስጨርስ እልል ማለቷ ቀርቶ «ጋሼ፣ ይሄኮ ሚስ ቤዛ ጋ ጋዙ ሲወጣ ሞለኪሉ ራሱ ይታያል» አለችኝ። ሞለኪሉ ይታያል! ፊኛው በእጄ ላይ እንደተነፋ እኔ ተነፈስኩ።

ይሄ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ርዕሰ መምህሩ አቶ ደሴ አንድ ቀን ቢሮ ጠርተውኝ፣ ኮምፒውተሮቹ ደህና መስኮትና ቁልፍ ያለው ክፍል እንደሚያስፈልጋቸው፣ እንዲህ ያለ ክፍል ደግሞ ከእኔዋ ላብራቶሪ በቀር እንደሌለ ነገሩኝ። «ዕቃው መጋዘን ይገባል» አሉኝ። ዕቃው የሚሉት የእኔን ዕድሜ ነው። ከዞን እንግዶች መጥተው የሁለታችንንም ትምህርት ያያሉ፣ ከዚያ በኋላ ይወሰናል ተባለ። ቁልፉን ወገቤ ላይ ዳበስኩት፤ እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ቤቴ ገብቼ ሌላ ወሬ ጠፋ። ቤዛ እንዲህ አለች፣ ቤዛ እንዲያ አሳየች፣ ቤዛ ዛሬም ያንን ጋቢዋን ደርባ መጣች። ባለቤቴ ይርገዱ ሽንኩርቷን እየከተፈች ብዙ ካዳመጠች በኋላ ቢላዋውን አስቀመጠችና «ለመሆኑ ይቺ ቤዛ ባል አላት?» አለችኝ። ነገሩ በምን በኩል እንደዞረ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ቅናት እንደ ጉንፋን መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ አንዱ ይዞት ከገባ ቤተሰቡን ያዳርሳል። እኔ በቤዛ ስቀና ይርገዱ በእኔ ቀናች። እግዜር ይስጣትና ቤዛን አንድ ቀን ገበያ ላይ አይታት መጣችና «ልጅ ናት እኮ! ደግሞ ገና ሳታውቀኝ ዘንቢሌን ተሸከመችልኝ» አለች። እሷ ተፈወሰች። እኔ ብሶብኝ ቀረሁ፤ ሚስቴም ሄደችብኛ!

ጠላትህን እወቅ ነውና፣ «ከአዲሱ ዘዴ ልማር» ብዬ ቤዛ ክፍል ከኋላ ተቀመጥኩ። ደስታዋ! «ጋሼ መጡልን» ብላ አስጨበጨበችልኝ። የዕለቱ ትምህርት ስለ መፍላት ነበር። ተማሪዎቹ በማውስ እሳቱን ለኮሱ፣ ውሃው ስክሪኑ ላይ ተንተከተከ፣ ከጎኑ ያለው ቴርሞሜትር ወጣ ወጣና መቶ ላይ ቆመ። «ውሃ በስንት ይፈላል?» «በመቶ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ልቤ ዘለለች። መቶ! እዚህ ደብረ ታቦር? ይሄ ተራራ ላይ ውሃ መቶ ደርሶ አያውቅም፤ አየሩ ስስ ነው፣ ዘጠና አንድ ግድም ሲደርስ ፈልቶ ያርፋል። የእኛ አገር ባቄላ ለምን እንደሚያስቸግር የሚስቶቻችንን ምድጃ ጠይቁ። የድሬዳዋ ልጅ ይሄን ከየት ታውቀዋለች! በዚያ ሙቀት ውሃው ሳይጣድም የሚፈላ ይመስላታል። ተነሥቼ ላርማት ይገባ ነበር፤ የሥራ ባልደረባ እንዲያ ያደርጋል። እኔ ግን ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ለእንግዶቹ ቀን አስቀመጥኩት።

ቀኑ ደረሰ። አልዋሻችሁም፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ መብራት እንዲጠፋ ተመኝቻለሁ። በየቀኑ የሚጠፋ መብራት አንድ ቀን ለእኔ ቢጠፋ ምን አለበት? ያን ዕለት ብልጭ እንኳ ሳይል ዋለ። የቤዛ ክፍል በብርሃን ተጥለቀለቀ፣ እንግዶቹ በአድናቆት አፋቸውን ያዙ፣ አንደኛውማ ራሳቸው ማውሱን ይዘው እሳተ ገሞራ አፈነዱና እንደ ልጅ ሳቁ።

ተራው የእኔ ሆነ። ቡታጋዜን ለኮስኩ፣ ውሃ ጣድኩ፣ ቴርሞሜትሬን እንደ መስቀል ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ቤዛ ከኋላ ቆማለች። ተማሪዎቹን «ውሃ በስንት ይፈላል?» አልኳቸው። «በመቶ!» አሉልኝ፤ የልቤን። ውሃው ተንተከተከ። ትርንጎን ጠርቼ አንብቢ አልኳት። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችና «ዘጠና አንድ» አለች። ያን ጊዜ ነበር ለብዙ ቀን ሳጠናው የከረምኩትን ንግግር የለቀቅኩት፦ «ልጆቼ! ስክሪን የሰው አገር ውሃ ያፈላላችኋል፤ የደብረ ታቦርን ውሃ የሚያውቅ የደብረ ታቦር እሳት ነው!» እንግዶቹ አጨበጨቡ። አቶ ደሴ እንኳ አጨበጨቡ።

ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም። ቤዛ ሳትደነግጥ ላፕቶፑን ከፈተች። ለካስ ከስክሪኑ ጥግ ከፍታ የምትለወጥበት ትንሽ ምልክት አለች። ያቺን ነገር ጎተት አድርጋ የደብረ ታቦር ከፍታ ላይ ብታደርሳት ውሃው ዘጠና አንድ ላይ ፈላ! ጭብጨባው ወደ እሷ ዞረ። ቡታጋዜም ይሄን ሲያይ ጭስ ተፍቶ ጠፋ።

አለቀልኝ ብዬ ቁልፉን ከወገቤ ልፈታ ስል ትርንጎ እጇን አወጣች። «ሚስ፣ ታዲያ ያን ቀን ለምን መቶ አለን?» ቤዛ ጋቢዋን አስተካከለችና «ከፍታውን ባሕር ጠለል ላይ ትቼው ነው፤ መለወጥ ነበረብኝ፣ አላሰብኩትም» አለች። ትርንጎም «ሚስ ያላሰቡትን እሱም አያስብም ማለት ነው? የጋሼ ውሃ ግን ማንም ሳይነግረው ነው ዘጠና አንድ ያለው» ብላ ተቀመጠች። ዘላ ብታቅፈኝ ይሄን ያህል ደስ አይለኝም ነበር። ቤዛ ምን ብትል ጥሩ ነው? እንግዶቹ ፊት «ጋሼ ባያርሙኝ ልጆቹን ተሳስቼ አስተምሬ እቀር ነበር፤ ይህ ክፍል ከተዘጋ የእኔም ስክሪን የሚያርመው ያጣል» አለች። ላብራቶሪዬ ተረፈች፤ ኮምፒውተሮቹ የቤተ መጻሕፍቱ ግማሽ ተሰጣቸው። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ያዳነችኝ ግን እሷ ናት። በደግነት የሚበልጥህ ሰው ላይ እንዴት ተብሎ ይቀናል? ይቻላል፤ ይከብዳል እንጂ ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ። ቤዛ ሙከራዎቼን በስልኳ ቀርጻ ኮምፒውተሩ ውስጥ ልታስገባቸው ለመነችኝ። ኩራት ደግሞ የቅናት ታናሽ ወንድም ነውና እሺ አልኩ። ፀጉሬን ተስተካከልኩ፣ ይርገዱ ለፋሲካ የገዛችልኝን ኮት ተኮሰችልኝ። ለንጽጽር ብላ በሚኒባስ ሐሙሲት ድረስ ወሰደችኝ፤ ቆላ ባይባልም ከእኛ ዝቅ ይላል። ገበያው ዳር ቡታጋዙን ስለኩስ አንድ ገበሬ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና «ምን ልትቀቅሉ ነው?» አሉን። ውሃ ነው አልኳቸው። «ውሃውንማ አየሁት፣ ከውስጡስ ምን አለ?» ምንም አልኳቸው። ሰማዩን አዩ፣ እኛን አዩ፣ «እግዜር ያስባችሁ» ብለው ሄዱ። የሐሙሲት ውሃ ዘጠና ሦስትን አልፎ ፈላ። በዚያን ቀን፣ ላምን እንጂ፣ ከቤዛ ጋር ከልቤ ሳቅኩ፤ በእሷ መቅናቴም የዚያን ዕለት ሐሙሲት ቀረ።

ታዲያ ቅናት ቤት ለቅቆ ሲሄድ ቁልፉን አይመልስም። በሳምንቱ ላብራቶሪዬ ገብቼ ቡታጋዙን ለኩሼ ተማሪዎቼን ብጠብቅ፣ ደወሉ ተደውሎ ሳያበቃ መምጣት የነበረባቸው ልጆች የሉም። ወጣሁ። ቤተ መጻሕፍቱ እስከ መስኮቱ አፍ ድረስ ጢም ብሏል። በሩ ላይ ቆሜ አሻግሬ ባይ ስክሪኑ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ! ኮቴ ተተኩሷል። ልጆቹ በማውስ ያስቆሙኛል፣ ይመልሱኛል፣ ፊኛውን ደግመው ያስነፉኛል። ሰውዬው አይቆጣም። አያስልም። ይድገሙት ሲሉት ይደግማል፤ ሶዳ ጨረሳችሁብኝ አይልም። ደብረ ታቦርን ሲነኩ በዘጠና አንድ ያፈላል፣ ሐሙሲትን ሲነኩ ሐሙሲት ይወርዳል፤ የሚኒባስ አይጠይቅም። ስንት ዓመት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ እልልታው ግን ለእሱ ነው። እንደዚያ ሰውዬ በማንም ቀንቼ አላውቅም።

በሩን አንኳኳሁና «ኧረ ተማሪዎች፣ ሰዓቱ የእኔ ነው!» አልኩ። ትርንጎ ከፊት ተቀምጣለች። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ፣ ወደ ኋላም ሳትዞር፣ እጇን ብቻ አወናጨፈችና «አቦ ዝም በል! ጋሼ እያስተማሩ ነው» አለች።

ከኋላ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ጥሩ ያስተምራል፤ የትምህርት ጥራቱ ግን ያሳስበኛል።