የ«ውርጭ» አልበም ክብሩ የተመለሰበት ስብሰባ

«እማ፣ ጩኸት ሙዚቃ የሚሆነው በስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ ልጄ ቤቲ። ምስጋና ለከተማችን ባህል ጽሕፈት ቤት ይሁንና ዛሬ መልሱን አውቀዋለሁ።

የከተማችን ልጆች ያቋቋሙት «የጉና ብራቅ» የተባለው የሮክ ባንድ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ አዳራሽ ይሞላል። የመጀመሪያ አልበማቸውን «ውርጭ»ን ያወጡት ግን እዚሁ ሳሉ ነበር። ያን ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ ገመገመውና ሦስት ደካማ ጎን አገኘበት፤ ጆሮ ያደነቁራል፣ ግጥሙ አይሰማም፣ የላም ወተት ያደርቃል። ልጆቹም ጊታራቸውን ይዘው ሄዱ።

ዘንድሮ ታዲያ ይኸው ጽሕፈት ቤት የአልበሙን ክብር ሊመልስ ስብሰባ ጠራ። እኔም የጎልማሶች ትምህርት ተማሪዎችን ወክዬ ተጋበዝኩ። በሩ ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ «ታሪክን በግምገማ እናርማለን» ይላል። ደስ አለኝ። ቤቲና ሦስት ጓደኞቿ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው የጽሕፈት ቤቱ አሮጌ መጋዘን ሮክ ይለማመዳሉ። «መጋዘኗን ከነፈጉን ቅዳሜ አዲስ አበባ እንሄዳለን» ብላኛለች። ለሙዚቃ እንዲህ የሚቆረቆር ጽሕፈት ቤት አንዲት መጋዘን ይነፍጋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ሰብሳቢው አቶ ይታየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታታሪ ሰው ናቸው፤ የያኔውንም ግምገማ የመሩት እሳቸው ነበሩ። ድካም እንዳይበዛ ብለው የድሮዎቹን ነጥቦች ከደካማ ጎን አንሥተው ወደ ጠንካራ ጎን አዛወሯቸው።

«ጆሮ ማደንቆሩ ድፍረቱን ያሳያል። ግጥሙ አለመሰማቱ ጥልቀቱን ያሳያል።»

«የወተቱስ ነገር?» አሉ ነጋዴው ሐጂ አንዋር። አልበሙን ከሱቃቸው ፈልገው ያመጡት እሳቸው ናቸው።

«እሱ በጥናት ላይ ነው» አሉና አቶ ይታየው የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫኑ።

ድራሙ አዳራሹን አናወጠው። ጊታሩ ተከተለ። አቶ ይታየው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰማችሁ? የዛሬ ልጅ ይህን ይሠራዋል?»

«ጌታው» አሉ ሐጂ አንዋር፣ «ሲዲው እኮ ገና እጄ ላይ ነው።»

ድምፁ የሚገባው በመስኮቱ ነበር። አቶ ይታየው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ታዲያ ማነው የሚጮኸው? ሮክ ልንሰማ አልቻልንም እኮ!»

ብድግ አልኩ። «ልጄ ናት፣ ጌታዬ። አሁን ሲያደንቁ የነበረው እሷን ነው።»

«ወይዘሮ የኔነሽ፣ ይህ ገና አልተገመገመም!»

ወዲያው ዘበኛው ተላከ፤ ድራሙም ዝም አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ታላቁ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ መጋዘኗ ተጠርጋ ተቆልፋ «የውርጭ አልበም መታሰቢያ ክፍል» እንድትሆን። ጭብጨባው ጆሮ ያደነቁር ነበር። እኔ ግን ደካማ ጎን ነው አላልኩም።

ቅዳሜ ማለዳ ቆሎ ቋጥሬ መናኸሪያ ሸኘኋት።

«ያን ጥያቄሽን» አልኳት በሚኒባሱ መስኮት፣ «የሚጮኹት ሰዎች ከሄዱ በኋላ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ልሂድላቸዋ!» ብላ ሳቀች።

ቤቲና ሦስት ጓደኞቿ ሄዱ። አቶ ይታየው፣ የመጋዘኗ ቁልፍና እኔ ቀረን።