የማይፈታው ጾም

በቤታችን ለእንግዳ የማይቀርብ ምግብ አለ። በየቀኑ የምንበላውን ማለቴ ነው። ሽሮን ለራሳችን፣ ለልጆቻችን፣ ገመናችንን ለሚያውቅ ጎረቤት እናወጣለን፤ ከሩቅ ለመጣ ሰው ሽሮ ማውጣት ግን ከስድብ አይተናነስም። ዶሮ እስኪገኝ፣ በግ እስኪገዛ፣ ግብዣው ይቆያል። እናንተም እንደዚሁ ናችሁ፤ አትካዱ። ጓዳ ውስጥ ሽሮ እየተንተከተከ፣ "ዛሬ ምንም የለም፣ ሌላ ቀን ደህና አድርገን እንጠራሃለን" ብላችሁ የሸኛችሁት ሰው አይጠፋም። ይህ ልማድ አንድ ፋብሪካ ሊያዘጋ ሲቃረብ አይቻለሁ።

ፋብሪካው ከሐረር ወጣ ብሎ የሚገኝ የማካሮኒ ፋብሪካ ነው፤ እኔ እዚያ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ማካሮኒ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ዱቄትና ውሃ። ጣጣው ማድረቁ ላይ ነው። ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ካለ ይሰነጠቃል፣ እርጥበቱ ከበዛ ይሻግታል። ይህን ልክ የሚያስይዝ ባለሙያ ከህንድ ነበር የምናስመጣው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ሳይቆዩ ሄዱ። እነሱ ሲሄዱ ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኑ ሲቆም ሠራተኛው ቤቱ ይቀመጣል። ስለዚህ ሦስተኛው ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝና "ይሄኛው ከሄደ አንተን ነው የምጠይቀው" አለኝ።

ሦስተኛው ራጀሽ ይባላል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጢሙን አሳምሮ የሚከረክም ሰው። ተንከባከብኩት። ቤት ተከራየሁለት፣ የሥራ ፈቃዱን ጨረስኩለት፣ ትልቅ የውሃ ሮቶ አስተከልኩለት። ውሃ በምትቸገረው ሐረር ውስጥ ከሮቶ በላይ የፍቅር መግለጫ የለም። ከተማውም ወደደው። በልጅነታቸው ህንዶች ያስተማሯቸው አዛውንቶች መንገድ ላይ ሲያዩት ኮፍያቸውን ነካ እያደረጉ "ሄሎ ቲቸር!" ይሉታል። ልጆቹ ደግሞ "ፈረንጆ!"

በመጣ ሰሞን የሠራተኛው ምግብ ክበብ ኃላፊ ወይዘሮ አሰለፈች ጥብስ አቀረቡለት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰሃኑን በትህትና ገፋ አደረገው። እንቁላል አመጡ። እሱንም ገፋ። ምስር አመጡ፤ ጥርግ አድርጎ በላ።

"ጾም ላይ ነው" አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። ጉዳዩ በዚያ ተዘጋ።

ለምን እንደተዘጋ ለመረዳት ፋብሪካችንን ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ጋ የሚጾም ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ፤ ረመዳን አለ፣ ቀጥሎ የሸዋል ስድስት ቀን አለ፣ ሰኞና ሐሙስን የሚይዝም አለ። ሰውን "ለምን ትጾማለህ?" ማለት ነውር ነው፤ የሚጠየቀው "መቼ ነው የሚፈታው?" ብቻ ነው። እሱንም ሌላው በቋንቋ እጥረት፣ እኔ ደግሞ ሌላ ሰው የጠየቀው መስሎኝ አልጠየቅነውም። እርግጥ ነው፣ ራጀሽ ረቡዕ ዕለት ሻይ በወተት ሲጠጣ ታይቷል። በረመዳንም በጠራራ ፀሐይ ምሳውን በልቷል። ይህ ግን የነሱ ጾም ከእኛው የተለየ መሆኑን ከማስረዳት በቀር ሌላ ጥርጣሬ አላመጣም።

እንግዲህ ራጀሽን እንደ ወጉ መጋበዝ የሚቻለው ጾሙ ሲፈታ ነው። ሠራተኛው አዋጥቶ በግ ገዛ። ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላምና ሁለተኛ በግ ተጨመረ። ሁለቱም ከክበቡ ጀርባ ታስረው የራጀሽን ጾም መፍቻ መጠበቅ ጀመሩ።

ወራት አለፉ። በጎቹ ስብርባሪ ማካሮኒ እየበሉ ወፈሩ። የሚያበላቸው ማን መሰላችሁ? ራጀሽ። በየምሳ ሰዓቱ ብቻውን ይወጣና ጭንቅላታቸውን እያሻሸ ያበላቸዋል። እሁድ እሁድ ጊደር መጋላ ገበያ ገብቶ ቅመም እያሸተተ ይዞራል፤ በኤረር በር ወጥቶ የጀጎልን ግንብ ተከትሎ ይሄድና በፈላና በር ይመለሳል። ሰው ሁሉ ሰላም ይለዋል። "ግባ" የሚለው የለም።

"አቦ፣ ትናንት ደጃፌ ላይ አገኘሁት" አለኝ አንድ ቀን የማድረቂያው ኦፕሬተር አብዱሽ። "ላስገባው ብዬ ምን ላብላው? ቤት ያለው ሽሮ ነው። ወላሂ አፈርኩ፤ ያላየሁት መስዬ አለፍኩ።"

የውሉ መታደሻ ሲደርስ ራጀሽ ቢሮዬ መጣ። አላድስም አለ። ደመወዝ ነው? አይደለም። ቤቱ? ሮቶውን አመሰገነ።

"ሰው ሁሉ ፈገግ ይልልኛል" አለ። "ግን ከመጣሁ ጀምሮ የሰው ቤት ገብቼ አላውቅም። ከእኔ ጋር መብላት የማትፈልጉበት ምክንያት ካለ አልጠይቅም። እኛም አገር አንዱ ወገን ከሌላው ጋር የማይበላበት ልማድ አለ።"

የመጨረሻውን ሲናገር ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው። እኔም ጠረጴዛውን አየሁ።

"ጾምህ እስኪፈታ እየጠበቅን እኮ ነው" አልኩት።

"የምን ጾም?"

ሥጋ በልቶ አያውቅም። አባቱም አልበሉም። አያቱም።

ወደ ክበብ ወርጄ ተናገርኩ። ወይዘሮ አሰለፈች ጭልፋቸውን አስቀመጡ።

"ዕድሜ ልኩን? ምን አጥፍቶ ነው?"

"ምንም አላጠፋም፣ እትዬ። እንዲሁ አይበሉም።"

"ፋሲካ የለው?"

"የለውም።"

"ዒድስ?" አለ አብዱሽ በተስፋ።

"ዒድም የለውም።"

ሁሉም በመስኮቱ በጎቹን አዩ።

በዚያው ቀን ከሥራ ስንወጣ ራጀሽን ይዤ ወይዘሮ አሰለፈች ቤት ሄድኩ። ጎረቤት እንዳያይ በሩን ገርበብ አደረጉና ሽሮውን ከነድስቱ አቀረቡ። "አፈርኩብህ ልጄ፣ አፈርኩብህ" ይላሉ ደጋግመው። ራጀሽ ቀና ሳይል በላ። ሲጨመርለት በላ። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ወይዘሮ አሰለፈች በርበሬው የበዛበት መስሏቸው ውሃ ሊያመጡ ሮጡ። በማግስቱ ውሉን ፈረመ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ወሬው ወጣ፤ ህንዱ ሽሮ ይበላል! በሽሮ የሚደሰት እንግዳ ከተገኘ ደግሞ ግብዣ የሚያዘገይ ምን ሰበብ ይቀራል? አብዱሽ ጠራው፣ የአብዱሽ አማቶች ጠሩት፣ ዘበኛው ጠራው፣ "ቲቸር" የሚሉት አዛውንቶች ተራ ያዙ። በጎቹም በዓላቸውን አገኙ፤ አንዱ በፋሲካ፣ ሌላው በዓረፋ። ራጀሽ ሁለቴ አዘነ፤ ለማንም አላዳላም።

ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ያ ቀጭን ሰውዬ ሸሚዙ ቁልፉ ላይ ተወጥሯል። አማርኛው ግን ጥሩ ሆኗል።

"ዛሬ ሦስት ቤት ተጠርቻለሁ" አለ። "እምቢ ስል ይቀየሙኛል። እባክህ፣ ጾም ላይ ነው በልልኝ።"

ሄጄ ነገርኳቸው። ወይዘሮ አሰለፈች ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ፊታቸው በራ።

"ይጹም፣ ይጹም" አሉ። "መቼ ነው የሚፈታው?"