የማይደርቀው ሰማያዊ

ተሠርቶ የመጣ ዕቃ ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሌላው ሱቅ ገብቶ ዋጋ ይጠይቃል፤ እሱ ዕቃውን ገልብጦ ሆዱን ያያል። ከዚያ ለባለሱቁ ይመልስለትና "ይቺ ምን አላት! እቤቴ እሠራታለሁ" ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሰው ጎረቤት ሲሆን ደስ ይላል፤ በር ይጠግናል፣ ሬዲዮ ይፈታል። ባል ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ቢቸና ሄዶ ወይዘሮ ይርጋነሽን መጠየቅ ይበቃል።

የይርጋነሽ ባል ሰማው በእንጀራው የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። በተሰጥኦው ግን ያልሠራው የለም። ሳሙና ሠርቷል፤ ጥሩ ሳሙና ነበር፣ አረፋ ብቻ አልነበረውም። የጫማ ቀለም ሠርቷል፤ ጫማውን ትቶ ካልሲውን አጠቆረ። ዣንጥላም ሠርቷል፤ አልታጠፍም ብሎ ክረምቱን በሙሉ እንደተዘረጋ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ከረመ፣ እነሱም ዝናቡን በሌጣ ራሳቸው ተቀበሉት። ይርጋነሽ ይህን ሁሉ ችላ አሳለፈች። የዘይት ቀለም ልሥራ ሲል ግን "አሁንስ ማዕረግ ይገባሃል" ብላ "ሊቀ ቀለማት" አለችው።

ሥዕል ማንም አላስተማረውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ቅዳሴ ቆሞ ግድግዳው ላይ ያሉትን ቅዱሳን እያየ ነው የተማረው። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር በቱቦ የሚሸጥ የዘይት ቀለም አገኘ። ገለበጠው፣ አሸተተው፣ "ዱቄትና ዘይት አይደለም እንዴ! ይቺ ምን አላት!" አለና ባዶ እጁን ቢቸና ገባ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ወፍጮ ቤት ሆነ። ቢጫውን ከመንገድ ዳር ከተቆረጠ ገደል ቆፍሮ አመጣ፤ አፈሩን አጠበ፣ አደረቀ፣ በይርጋነሽ ነጠላ ነፋው። ጥቁሩን ከኩራዝ ጥላሸት ጠረገ። ለቀዩና ለሰማያዊው ሞጣ ድረስ ሄዶ፣ የጭቃ ቤት የሚቀባበት የዱቄት ቀለም ከሚሸጠው ከአብዱራዛቅ ሱቅ ገባ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የግድግዳ ነው" አለው አብዱራዛቅ፣ ለሥዕል መሆኑን ሲሰማ።

"ታዲያ ሥዕሉስ የት የሚሰቀል መሰለህ?" አለው ሰማው።

ዘይቱ የተልባ ነው። ተልባው የማን ነው? የይርጋነሽ። መጁስ? የይርጋነሽ። ሊቀ ቀለማት ዱቄቱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይከምራል፣ መሀሉን ይከፍታል፣ ዘይቱን ጠብ እያደረገ በመጁ ሲያሽ ይውላል።

"በዚህ ጉልበት ሽሮ ብትፈጭ እኮ ለዓመት ይበቃን ነበር" ትለዋለች።

"ሽሮ ይበላና ያልቃል" ይላታል ቀና ሳይል።

መፍጨቱ ቀላል ነበር። ጉዱ ማስቀመጡ ላይ መጣ። በቆርቆሮ ያኖረው ቀለም ሲነጋ ላዩ ስልባቦት ይዞ ያድራል፤ ሲሰነብት ጭራሽ ድንጋይ ይሆናል። በማርማላታ ጠርሙስ አደረገና አየር እንዳያገኘው ከላዩ ውኃ አፈሰሰበት። ይሄኛው ሠራ፤ ሲጠቀምበት ግን ሁልጊዜ ውኃ ማፍሰስ፣ መልሶ መሙላት ሆነ። በመጨረሻ የሰፈሩን ባዶ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ሁሉ ሰበሰበ። ታቹን በመቀስ እየቆረጠ አጠበ፣ ቀለም ሞላበት፣ የቆረጠውን መልሶ በጋለ ቢላዋ አጣብቆ ዘጋው። ባዶው ሲያልቅበት ወደ ሙሉው ዞረ። ይርጋነሽ አንድ ጧት የጥርስ ሳሙናዋን ስኒ ውስጥ ተገልብጦ አገኘችው።

"ቱቦው ለቁም ነገር ተፈልጎ ነው" አላት።

በዚያው ሰሞን ወንድሟ ፋንታ ከሮብ ገበያ ከተማ ለጥየቃ መጥቶ አደረ። ጧት ጓሮ ወጥቶ ሲታጠብ ድምፁ ተሰማ።

"ይርጌ፣ የጥርስ ሳሙናችሁ አረፋ የለውም!"

"ሰማው የሠራው ከሆነ የለውም!" አለች ከጓዳ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሏት እየሮጠች ስትወጣ፣ ወንድሟ እንደ ማር ቢጫ በሆነ ጥርሱ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ፋንታ እስኪሄድ ድረስ የሚያወራው አፉን በእጁ ሸፍኖ ነበር። ሰማው ግን ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ አየለትና በደስታ "ይዟል!" አለ።

ማታ ማታ ሲጸልይም ይርጋነሽ ትሰማው ነበር። ለጤና፣ ለሀገር፣ ለዘመድ ለምኖ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና "እመቤቴ፣ ቀለሜን ብቻ አታድርቂብኝ" ይላል። ጸሎቱ መሰማቱ በኋላ ታወቀ።

አንድ ቀን መሪጌታ ሣህለ ማርያም ሊጠይቋቸው መጡና ጓዳው ግድግዳ ላይ፣ ከተንጠለጠለው ነጭ ሽንኩርት አጠገብ፣ የሰማውን ሥዕሎች አዩ። ቀረብ፣ ራቅ እያሉ ተመለከቱ። ከዚያ፣ "እመቤታችንን ሣልልን። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ከደረሰ ቤተ ክርስቲያን እንሰቅለዋለን" አሉት። ሰማው ያን ቀን ምሳ አልበላም። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ይህችኑ ነበር፤ የሳላቸው ቅዱሳን ከነጭ ሽንኩርቱ ተለይተው ወደ ቤታቸው እንዲገቡ። ይርጋነሽ ፊቱን ስታየው ቀልዷን ዋጠች። ሳሙናው ቢበላሽ ይስቃል፤ ይቺ ብትበላሽበት ግን እንደማይችላት ገባት።

አቡጀዲ በእንጨት ላይ ወጥሮ ሥዕሉን ጀመረ። ፊቷ አማረ፤ ወርቁ በቢጫው አማረ። የመጎናጸፊያዋ ሰማያዊ ላይ ሲደርስ የተልባ ዘይቱ አለቀ።

"ይርጌ፣ ተልባ ጨምሪልኝ።"

"የቀረችው ለጾም ናት። አንተ መብላት ባያሻህ እኔ ምን ልብላ?"

"ግድ የለም፣ ዘይት ዘይት ነው" አለና ሰማያዊውን በኑግ ዘይት አሸው።

ቀዩ ደረቀ። ቢጫው ደረቀ። ሰማያዊው አልደረቀም። "ነገ ይደርቃል" አለ ሰማው። በማግስቱ ፀሐይ ላይ አወጣው፤ ዝንብ አረፈችበትና እዚያው ቀረች። በመርፌ አነሣትና "ነገ ይደርቃል" አለ። በዓሉ እየቀረበ ሲሄድ ሞጣ ደወለ።

"በምን አሹት ጋሼ?" አለው አብዱራዛቅ።

"በኑግ።"

"ኑግ እኮ ለወጥ ነው።"

"ይደርቃል ወይስ አይደርቅም?"

"ይደርቃል፣ ለምን አይደርቅም? መቼ እንደሆነ ግን አላህ ነው የሚያውቀው።"

በዋዜማው መሪጌታ "ደርሷል?" ሲሉት "ደርሷል" አለ። ደርቋል ወይ አላሉት፣ አልዋሸም። ሰማውና አንድ ዲያቆን እንደ ታቦት ተጠንቅቀው ተሸክመው፣ በሴቶች በር በኩል ዝቅ አድርገው ሰቀሉት። ሰማው አቧራውን አስቦ ነበር፣ ዝንቡን አስቦ ነበር። ሰው እንደሚሳለመው ግን ከደስታው ብዛት ረስቶታል።

በበዓሉ ጧት ይህን ያስታወሰችው ይርጋነሽ ናት፤ ሰልፉን ስታይ። ሮጣ ሥዕሉ አጠገብ ቆመች።

"እናቶቼ፣ ከራቅ ብላችሁ እጅ ንሡ!"

ከፊት የነበሩት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ይሰማል። "ለምን እርቃለሁ? አኩርፋኛለች እንዴ?"

"አይ እማሆይ፣ አዲስ ስለሆነች ነው።"

"እንግዲያማ የመጀመሪያዋ እኔ ነኛ!" አሉና በመቋሚያቸው ገፋ አድርገዋት ግንባራቸውን፣ ቀኝ ጉንጫቸውን፣ ግራ ጉንጫቸውን አስነክተው ተሳለሙ። ሲመለሱ ሰማይ መስለው ነበር። ከኋላ ያለው ይህን አላየም፤ እየተገፋ ሁሉም ተሳለመ።

የራሱን ግንባር የሚያይ የለም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ሁሉም በሌላው ይስቅ ጀመር። "አንቺ፣ አፍንጫሽ ምን ሆኗል?" "የኔን ተዪና ያንቺን ግንባር!" የመሪጌታ ነጭ ጢም ሳይቀር ጫፉ ሰማያዊ ሆኗል። አንዱ ጎረምሳ "ጋሽ ሰማው፣ እመቤታችንን ነው የሳሉት ወይስ እኛን?" ብሎ ጮኸና ሳቁ ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ወደቆመው ሰውዬ ዞረ።

ሰማው አንገቱን ደፍቶ ነበር። "ይቺ ምን አላት" አላለም። "ነገ ይደርቃል" እንኳ አላለም። ይርጋነሽ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ይህን ዝምታ ሰምታው አታውቅም። መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው፣ "መቼስ፣ ወርዶ ወደ ቤቱ..." ማለት ጀመሩ።

ይርጋነሽ አላስጨረሰቻቸውም። ለበዓሉ ያወጣችው አዲስ ነጠላ ነበር የለበሰችው። ቀለሙ አለመድረቁን ቢቸና ውስጥ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በሰው መሀል አልፋ ሄዳ ግንባሯን መጎናጸፊያው ላይ አሳረፈች፤ ቀኝ ጉንጯን፣ ግራ ጉንጯን፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል። ነጠላዋም ድርሻውን ወሰደ። ሳቁ ቆመ።

"አንቺስ እያወቅሽ?" አሏት መሪጌታ። "ደርቋል ልትዪኝ ነው?"

"ነገ ይደርቃል፣ የኔታ" አለች።

መሪጌታ አዩዋት፤ ወደ ጽዱም አዩ። "እንግዲያ ነገ የሚደርቀውን ዛሬ የሚያወርደው ማነው?" አሉና ሰማያዊ ጢማቸውን ይዘው ገቡ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሰማው ከኋላዋ ቀረት ብሎ ይሄድ ነበር። ገበያውን ሲያልፉ ይርጋነሽ፣ "ተልባው ከትልቁ እንቅብ ሥር ነው፤ ለሚቀጥለው ሰማያዊ ውሰደው። እኔ ለጾሙ ሽሮ አላጣም" አለችው።

ቆም አለና ግንባሯን አየ። ነጠላዋን ጫፉን ይዞ ገለበጠው፣ ቀለሙን በጣቱ አሻሸው፣ አሸተተው። ዓይኑ እየበራ መጣ።

"ይርጌ፣ ይሄን የሚያስለቅቅ ሳሙና እኮ... ይቺ ምን አላት!"

ይርጋነሽ በሆዷ ተመስገን አለች። አረፋ እንደማይኖረው ግን ታውቃለች።