የኃላፊው ስልክ አይነካም

«ሁሉም ይስተካከል፣ የእኔ ብቻ አይነካ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጂንካ ውስጥ፣ ለላሜ መድኃኒት ፍለጋ በሄድኩበት የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት አንዱን አገኘሁ፤ ኃላፊው ናቸው።

የበሩ ስልክ አይሠራም፤ ዘበኛው ደግሞ ወደ ውስጥ ሳይደውል ሰው አያስገባም። ከአርቦሬ የመጣች ሴት አጠገቤ ቆማ፣ «ፍየሎቼ እያለቁ ነው፣ ሐኪም ስጡኝ» ትላለች። ለማን ትንገር? ለአጥሩ?

የመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን ስልኩን ሊያይ ሲወጣ ያዝኩት። «ምኑ ነው የታመመው?»

«እማማ፣ ስልኮቹን የሚያገናኘው ማዞሪያ አሮጌ ነው። ስልኮቹ የሚሠሩት ውስጡ በተሰኩ ሁለት ካርዶች ነው። የበሩ ካርድ ተበላሽቶ ይሁን መሰኪያው፣ የማውቀው ካርዶቹን ሳቀያይር ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በደህናው ካርድ የሚሠራው የኃላፊው ስልክ ነው። አይነካም ብለዋል።»

ይገርማችኋል፣ እኛ እንኳ ላም ስትታመምብን ከደህናዋ ጋር አስተያይተን ነው የምናውቀው። የኃላፊ ስልክ ለጥቂት ጊዜ ዝም ቢል ሰማይ ይወድቃል?

«ቀያይረው ልጄ። ከተቆጡ እማማ አዘዙኝ በል።»

«የቷ እማማ ቢሉኝስ?»

«በር ላይ የቀረችው በላቸው!»

እየሳቀ ገባ። ጥቂት ቆይቶ የበሩ ስልክ ጮኸ፤ ዘበኛው ደንግጦ ኮፍያውን አስተካከለ። ለካ ጥፋቱ የካርዱ ኖሯል። አሁን ስልኩ ዝም ያለባቸው ኃላፊው ናቸውና እየተቆጡ በእግራቸው እስከ በሩ መጡ።

«ማነው ስልኬን የነካው?»

የአርቦሬዋ ሴት መንገዳቸው ላይ ቆማ ስለ ፍየሎቿ ጀመረች። ወዴት ይሂዱ? እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረው፣ «ወንድሜ፣ ሐኪሙን ልጥራበት?» ብለው ስልኩን ለመኑት።