ሣር የሌላቸው የሣር ሚኒስትር

በየሰፈሩ ስለ ሣር አብዝቶ የሚያውቀው ሣር የሌለው ሰው ነው። የልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ ግቢያቸው ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው፤ ምክራቸው ግን አጥር አያግደውም። እሷም በሆዷ «ክቡር የሣር ሚኒስትር» ብላ ሾማቸዋለች።

ማጨጃዋን ገና ስታስነሳ ራሳቸው ከአጥሩ በላይ ብቅ ይላል። «ሲሶውን ብቻ እጨጂ፣ ልጄ! ሣር እኮ ምልምል ወታደር አይደለም፣ ምን አስላጨው?» ቀትር ላይ ውሃ ስትከፍት፣ «ኧረ ፀሐይዋን ነው የምታጠጪው? በማለዳ እንጂ! ያውም ሥሩ እስኪጠግብ፤ ከዚያ ተይው። በየቀኑ ጠብ ጠብ ካልሽለትማ ሥሩን ወደ ታች ለመስደድ ይሰንፋል።» የታጨደውን ጠርጋ ልትጥል ስትል ደግሞ እንደ ተዘረፈ ሰው ይጮሃሉ፦ «ምግቡን ወዴት ነው? እዚያው በትኚለት!»

እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ይባስ ብላ በእልህ ላጨችው፤ ሣሩም እንደ አሮጌ ምንጣፍ ገርጥቶ ይሳሳ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ሚኒስትሩ «ብዬ ነበር» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የራስዎን ሲሚንቶ አያጠጡም?»

ራሳቸው ከአጥሩ ላይ ወረደ። በማግስቱም ብቅ አላለም። ማጨጃዋን ብታስጮኸውም የሚቆጣት ጠፋ፤ ግቢው ጭር አለባት። ሳምንቱን እንደ ምንም ገፍታ ይቅርታ ልትጠይቅ በራቸውን አንኳኳች።

ሲሚንቶው ላይ ባለቤታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«ሣር ነበረን» አሉ እትዬ ፈገግ ብለው። «ጎማዬ እየሰመጠ ቢያስቸግረኝ፣ እንደ ልጅ ያሳደገውን በገዛ እጁ ነቅሎ ሲሚንቶ አለበሰው። ሣሩ ተነቀለ፣ ምላሱ ቀረ።»

ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ አቀርቅረው ወደ ተቀመጡት ሚኒስትር ዞረች። «ጋሼ፣ የኔው ሣር ይድናል?»

ሚኒስትሩ ቀና አሉ። «ሥሩ መች ሞተ!»

ከዚያ ወዲያ ያሏትን ሁሉ አደረገች፤ የማጨጃዋን ስለት አሳለች፣ ማልዳ አጠጣች፣ የተራቆተው ላይ ዘር በተነች። ሣሩ ጥቅጥቅ ብሎ ሲመለስ አናጢ ጠርታ አጥሩን በሰፊው አስከፈተችና እስከ ሣሩ መሃል ጣውላ አስነጠፈች። እትዬ በወንበራቸው ገቡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ሣሩ ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አንቺ ደግሞ፣ ሥራ የለሽም?» አሉ ፊታቸውን አዙረው።

«ተይው» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ደስ ሲለው እንዲህ ነው።»