በሩ ሳይከፈት የሚደርሱት ጋሼ ማለዳ

በየቤተሰቡ፣ ሐዲዱ ሳይዘረጋ ባቡር የሚጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ቤት የደረሱን የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ «ክቡር ጋሼ ማለዳ»።

ክቡርነታቸው ቀድመው ደርሰው እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። በእህቴ ሠርግ ከኪራይ መኪናው ላይ ወንበር ሲያወርዱ፣ የሙሽራው አባት «ጎበዝ ሠራተኛ!» ብለው ትከሻቸውን መታ መታ አድርገዋቸዋል። ጥርስ ሐኪም ቤት ደግሞ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ወለሉን ወልውለው ጨርሰው፣ ሐኪሙ ሲገባ ወንበሩ ላይ አፋቸውን ከፍተው አገኛቸው። «ቀድሞ መድረስ ማንን ገደለ?» ይላሉ። እኛን ነዋ፣ በእንቅልፍ እጦት!

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት መርፌ ማየት ካቆመች ሰንብታ ነበር። ሞራው ተገፎላት ፋሻው ሲነሳ፣ መጀመሪያ ምን ማየት እንደምትፈልግ ጠየቅናት።

«ፍላሚንጎ» አለች።

ወንዙ ባሕር ሊገባ ሲል በሚበታተንበት ረግረግ፣ ለአእዋፍ በተከለለው ስፍራ፣ እነዚያ እግረ ረጃጅም ሮዝ ወፎች፣ ፍላሚንጎዎች፣ ከርመው ይሄዳሉ። መሄጃቸው ደርሷል ይባል ነበር።

«የሚከፈተው እኮ ሁለት ሰዓት ነው» ብዬ፣ በሌሊት እንነሳ ያሉትን ጋሼን ተሟገትኳቸው።

«ወፍ ሰዓት አታስርም!»

ወፍ ለማየት ወፍ ሳይንጫጫ ተነሳን። ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው የጥርስ ብሩሹን እንደነከሰ ብቅ አለ።

«አባቴ፣ አልተከፈተም እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ። መጥረጊያው የት ነው?»

ምን ያድርግ? ከፈተ። ጋሼ ረግረጉ ላይ ከተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ የወፍ ኩስ እየጠረጉ ከፊት፣ እናቴ ክንዴን ይዛ ከኋላ ሆነን ገባን። ጫፍ ስንደርስ ጎህ ቀደደ። ውሃው ሁሉ ሮዝ ነበር። ድንገት መንጋው አንድ ላይ ተነሳና ሰማዩን ሞላው።

«አየሁ! እግራቸው ሳይቀር አየሁ!» እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እዚያ መጮህ ክልክል ነው፤ ጥበቃው ግን አብሯት አጨበጨበ።

«በቃ ሄዱ» አለ። «ለከርሞ ያድርሰን!»

ሁለት ሰዓት ላይ በአውቶቡስ የመጡትን ጎብኚዎች ባዶ ውሃ ጠበቃቸው። እኔም ማልዶ መነሳቱ የራሴ ሐሳብ ይመስል፣ ደረቴን ነፍቼ በመካከላቸው አለፍኩ።

መኪናው ውስጥ ጋሼን «እንዴት ነበሩ ወፎቹ?» አልኳቸው።

«መቼ አየኋቸው ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእሷን ዓይን ሳይ አመለጡኝ።»

ዕድሜ ልካቸውን ያመለጣቸው ይኼ ብቻ ነው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም፤ እኔም እንደዚያ ቀን ወድጃቸው አላውቅም።